በፍራሽህ ላይ ያፈሰስኩት ውሃ

ወንድሜ ኑሪ፣ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን አስቀድሜ ልንገርህ፦ ያን ቀን ፍራሽህን ያረጠብኩት እኔ ነኝ። በጆግ ውሃ።

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከረምክ? ወገብህን ተሻለህ? የጅቡቲ ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ጭር ያለው ቤት ልጅህ ሰምሰም ለእረፍት ስትመጣ ነፍስ ዘርቶ ነበር።

ልጅቷ ፍራሽ እንደምታረጥብ በስልክ ስነግርህ ሳቅክና “አሸማቅቂያት፣ ይለቃታል። እኔንስ እንደዚያ አይደል ያስተዋችሁኝ?” አልከኝ። ቃሉን መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈለግሁት። “ማሳፈር፣ አንገት ማስደፋት” ይላል። ይጎድለዋል። ሰው ለብቻው አይሸማቀቅም፤ ተመልካች ይፈልጋል። ድሬ ደግሞ በሙቀቱ ሁሉም ግቢ ውስጥ ስለሚተኛ ተመልካች አይጠፋም።

አንተ እኮ ሳናሸማቅቅህ በፊት ፍራሽ ማርጠቡን ትተኸው ነበር። ግን በእንግዶች ፊት የሠርግ ጥሪ ካርድ ሰጥተህ “ዳሃቦ፣ አንብቢልን” አልከኝ። ገልብጬ ያዝኩት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ፊደል ራሴን ያስተማርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሳትነቃ ውሃውን አፈሰስኩብህ፤ ፍራሹን አሸክሜ በሰፈሩ አዞርኩህ። “ሽንታም!” እያሉ ሲያጨበጭቡ ከፊት የነበርኩት እኔ ነኝ። አንተ ግን ሰውነትህ የከዳህ፣ ውርደቱም የፈወሰህ መሰለህ።

ሰምሰምንም እንዳልከኝ አደረግኋት። እምቢ ብል ምክንያቴን ትጠይቀኛለህ ብዬ ፈራሁ። ፍራሿን ተሸክማ በር ላይ ቆመች። የጎረቤቴ የፋና ልጆች “የጅቡቲ መርከብ! ውሃ ጭነሽ መጣሽ?” እያሉ ዘለሉ። አላለቀሰችም፤ አብራቸው ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ግን ውሃ እምቢ አለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ብርጭቆ ሳቀርብላት “ኤዶ አክስቴ፣ ከጠጣሁ አባዬ ይጠላኛል” ትላለች። ደውዬ ስነግርህ “ጎሽ፣ እየሠራ ነው” ብለህ ዘጋህብኝ።

ትንሹን ዐብዲራዛቅን ሳምልኝ። የቤታችሁን ሠራተኛ ፋዱሞን ሰላም በልልኝ። ለሰምሰም ደግሞ ዛሬውኑ ደውለህ፣ በገዛ አንደበትህ “ጠጪ” በላት።

እህትህ ዳሃቦ
ድሬ ዳዋ፣ ሳቢያን
ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአንተ ብልከው ቀደህ ትጥለዋለህ። ሽንታም ተብለህ መዞርህን ለሚስትህ ነግረሃት እንደማታውቅም፣ አሁንም እያሸማቀቅኩህ እንደሆነም አውቃለሁ። ልጅቷ ግን መጠጣት አለባት። ስለዚህ ይህን ወረቀት የምትቀበለው፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ የምታነብልህም እናቷ ሐናን ናት።