ጭምብሉ ይቆይ

አርብ ገበያ፣ ግንቦት 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለሕሊና፣

እንደምን ሰነበትሽ፣ ዓይኔ? እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ ቀድሞ ስለጣለ አጎትሽ ገብሳችንን ዘርቶልናል።

የላክሻቸውን ሥዕሎች መምህርት ሐረገ ወይን በስልኳ አሳየችኝ። ሥዕሎቹ የተወሰዱበትን የኮምፒውተር ጨዋታ ባላውቅም በጻፍሽልኝ ልክ ገብቶኛል፤ ፊቱን ማንም ያላየው ባለ ጭምብል ተዋጊ አለ፣ ወንዙን በጀልባ የምታሻግረው ቀዛፊ አለች። የተጫዋቾቹን ክርክርም አነበብኩት። አንዱ «አረማመዱን እዩ፣ ወንድ ነው» ይላል። ሌላዋ «እጇን አታይም? ሴት ናት! ለመሆኑ እናትህ ስትራመድ አይተህ ታውቃለህ?» ትለዋለች። ብቻዬን ሳቅሁ።

ይበልጥ የገረመኝ ፍቅሩ ነው። ሁለቱ አንድም የፍቅር ቃል አልተነጋገሩም አልሽኝ። ቀዛፊዋ ግን ባለ ጭምብሉ ሲሳፈር ብቻ ቀስ ብላ ትቀዝፋለች። ተጫዋቾቹ ያን ሁሉ የፍቅር ታሪክ ያወጡት ከዚህች ቀስታ ነው። መጽሐፍ ሳገላብጥ አረጀሁ፤ እንዲህ የሚያነብ ሰው ግን አላየሁም።

አሁን የሥዕል ውድድሩ አዘጋጆች «ጭምብሉን አውልቀሽ ወንድ ይሁን ሴት ቁርጡን ካላሳየሽን አንቀበልም» ብለውሻል። እስከ እሁድ ምን ልወስን አልሽኝ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ልጅ ሳለሁ ድጓ ከሚማሩበት ከቤተ ልሔም ገዳም አጠገብ ስንኖር፣ ጥላዬ የሚባል የቆሎ ተማሪ ደጃችን እየመጣ ይለምን ነበር። እኔ ቁራሹን ትከሻው ላይ ካንጠለጠላት አኩፋዳ እከትለታለሁ፤ እሱ አፈር ላይ በጣቱ ፊደል ይጽፍልኛል። የመጀመሪያዎቹን እሱ አስቆጠረኝ፤ የቀረውን ብቻዬን ለቀምኩት። ጓደኞቹ ግን «ሴት ናት፤ ለትምህርቱ ብላ ወንድ መስላ ነው» እያሉ ያንሾካሽኩ ጀመር። አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«ሴት ናት ይሉሃል። እውነት ነው?»

«ፊደሉን ነው ማወቅ የፈለግሽው፣ ወይስ እኔን?»

«ሁለቱንም።»

ሳቀ። «እንግዲያ መጀመሪያ ፊደሉን ጨርሺ።»

ተማሪዎቹ «ምን አለሽ?» ብለው ሲያዋክቡኝ ፈራሁና «አልካደም» አልኳቸው። ይችኑ ብቻ። በማግስቱ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ጠፋ። አኩፋዳው አጥራችን ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ወንድ ይሁን ሴት እስከ ዛሬ አላውቅም። ማወቁም ለእኔ ምንም አይጨምርልኝም ነበር። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን አኩፋዳው የማን እንደሆነ ቢጠይቀኝ «የዘመድ ነው» አልኩት።

ስለዚህ ልጄ፣ ጭምብሉን አታውልቂ። ውድድሩ ይቅር። ስትስዪ የነበረው እጅሽ ከእነሱ ይልቅ ያውቃል። ከቻልሽ ግን ባለ ጭምብሉ ትከሻ ላይ አኩፋዳ አንጠልጥዪልኝ። ቀዛፊዋንም አታጣድፊያት።

እመቤቴ እጅሽን ትባርክልኝ፤ ካሰብሽበት በሰላም ታድርስሽ።

እናትሽ አዛለች

የአኩፋዳው መልክ እንዳይጠፋሽ ሐረገ ወይን ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። እሱ አርጅቷል፤ ማንገቻውን ግን በየዓመቱ ስለምቀይረው አዲስ ነው።