አባባ ሲጽፍ፣ አንተ ስታጠፋ

ውድ ወንድሜ፣

«ውድ» ያልኩህ ወግ ስለሆነ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ውስጥ በጽሕፈት መኪና ሲጽፍ የኖረው አባታችን፣ ለምትከሰው ሰው እንኳ ስትጽፍ በአክብሮት ጀምር እያለ ነው ያሳደገን። ወጉን አድርሻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው የራሴ ነው። ያልደወልኩልህ ስልክ ላይ ስለምታሸንፈኝ ነው። ትስቃለህ፣ «አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ» ትላለህ፣ ከዚያ ሌላ ሰው እየደወለልህ እንደሆነ ትነግረኛለህ፤ እኔም ንዴቴን ታቅፌ እቀራለሁ። ወረቀት ቢያንስ አፍ አፉን አትለውም።

የምጽፍልህ ባለፈው እሑድ በአክስታችን ልጅ ሠርግ ምሳ ላይ ስላወራሃት ጨዋታ ነው። ስታወራት ብርጭቆ ይዤ ከኋላህ ቆሜ ነበር፤ አላየኸኝም። አንተ ከመሃሏ ስለጀመርካት እኔ ከመጀመሪያዋ ልንገርህ።

አባባ ጉሮሮውን ቀዶ ሕክምና አድርጎ ድምፁን ካጣ በኋላ ስድስት ወር ያህል የምንግባባው በደብተር ነበር። እስክሪብቶ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አንዷን ቃል ለመጻፍ የሚያየው መከራ ቃሏን ራሷን ያስጠላዋል። ታብሌቴን ሰጠሁት። መስታወቱ ደግሞ ጣቱን አልወደደለትም። አንድ ፊደል ሲነካ ሁለት ይመጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። ዕድሜውን ሙሉ ቁልፍ ሲመታ የደደረ ጣት መስታወት ላይ መንሸራተት አያውቅበትም።

ያን ጊዜ ነው ያችን ገመድ አልባ ኪቦርድ የላክህለት። እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ስጦታ ነበረች። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ በዕድሜህ አንዴ ብቻ ለሰው የሚጠቅም ነገር አስበህ ነበር። ለሁለት ስትታጠፍ የመነጽር ማኅደር ታህላለች፣ ስትዘረጋ እውነተኛ ቁልፍ አላት፣ ሲመቷት ጠቅ ትላለች። አባባ የመጀመሪያዋን ቁልፍ ሲነካ ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር አንተ አላየኸውም፤ አልነበርክም። የፊደሎቹ ቦታ እንደ ድሮ መኪናው ስላልሆነ እንደ አዲስ መማር ነበረበት። ሦስት ሳምንት ከጎኑ ተቀምጬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አንተ ያደረግኸው የላክሁልህን ፎቶ «ለአባቴ ድምፁን መለስኩለት» ብለህ ገጽህ ላይ መለጠፍ ነው። ሰው ሁሉ «የተባረክ ልጅ» እያለ ሲጽፍልህ አንድ በአንድ አመሰገንክ። እኔ ያን ጊዜ አልከፋኝም። ስምህ ይጠራ፣ ብቻ አባባ ይጻፍ ብዬ ተውኩት።

ጻፈም። ስለ ሾርባዬ ጨው ማነስ ጻፈ፣ ስለ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ወሬ ማብዛት ጻፈ፣ እማማን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየበትን ፎቅ ደረጃ በደረጃ ጻፈልኝ። ሲጽፍ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። ጥሩ ታይፒስት ዓይኑን ከሚገለብጠው ጽሑፍ አያነሳም፤ የሚመታውን ወረቀት ካየ ፍጥነቱ ያልቃል። ከሐሳቡ ሲጽፍም ልማዱ አልለቀቀውም። በመስኮት ውጭ ውጭውን እያየ ጣቶቹ ብቻቸውን ይሮጣሉ፤ ስክሪኑን የሚያየው ከጨረሰ በኋላ ነው።

ኪቦርዷ አናቷ ላይ 1፣ 2፣ 3 የሚሉ ቁልፎች አሏት። እያንዳንዷ ቁልፍ አንድ መሣሪያ ታስታውሳለች፤ የተጫንካት ቁልፍ ወደምታውቀው መሣሪያ ጽሑፉ ይሄዳል። የአባባ ታብሌት 1 ላይ ነበር። ማታ አጣጥፌ አስቀምጣታለሁ፣ ጠዋት ዘርግቼ 1ን ተጭኜ ፊቱ አኖርለታለሁ። ሌሎቹን ቁልፎች የሚነካ ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም፣ አንተ ለዐሥር ቀን እረፍት እስክትመጣ ድረስ።

መምጣትህስ! ሶፋው ላይ እንደተጋደምክ፣ ስልክህ ደረትህ ላይ፣ በየሰዓቱ «አባባን በደንብ ያዢልኝ» ትለኝ ነበር፤ በደንብ ስይዘው አራት ዓመት ያለፈኝን ሴትዮ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ለአለቃህ ሪፖርት መላክ ኖሮብህ፣ ስልክ ላይ መጻፍ አውራ ጣትህን ስላደከመው፣ ኪቦርዷን ከአባባ ጠረጴዛ አንስተህ ወሰድክ። ይህን ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ እሑድ ዕለት ከራስህ አፍ ነው የሰማሁት። 2ን ተጭነህ ከስልክህ ጋር አገናኘሃት፣ የምትጽፈውን ጻፍክ፣ እንደተዘረጋች መልሰህ ጠረጴዛው ላይ ጣልካት። 1ን መልሶ መጫን ለአንተ ዓይነቱ ከባድ ሥራ ነው። የበላበትን ሰሃን አንስቶ የማያውቅ ሰው ቁልፍ ያስታውሳል ብዬ አልጠብቅም። እኔም ስመጣ ተዘርግታ አገኘኋት፤ አባባ ራሱ የዘረጋት መስሎኝ ሳልነካት ወጣሁ። የእኔ ጥፋት ይህችው ናት፤ አልክዳትም።

ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ አባባ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ መጻፍ ጀመረ። ዓይኑ እኔ ወዳለሁበት ነበር። አንሶላዎቹን፣ የትራስ ልብሶቹን፣ ያንተን ሸሚዞች ሳይቀር አስጥቼ እስክጨርስ ጣቶቹ አላረፉም። ያን ያህል ሲጽፍ አይቼው አላውቅም። ሲጨርስ እንደ ልማዱ ጠረጴዛውን ሁለቴ አንኳኳልኝ። እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ ገባሁ። ፈገግ ብሎ ታብሌቱን ወደ እኔ አዞረው። ባዶ ነበር።

ወደ ራሱ መልሶ አዞረው። በጣቱ ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ገፋ፣ እንደገና ወደ ላይ። ከዚያ ኪቦርዷን ወደዚያ ገፋ አደረገና ደብተሩን ስቦ በዚያ በሚንቀጠቀጠው እጁ «ጽፌ ነበር» ብሎ ጻፈ። ትንሽ ቆይቶ ሰረዘው። ከሥሩ «የጻፍኩ መስሎኝ ነበር» አለ። ደብተሩ እኔ ጋ አለ፤ ማየት ከፈለግህ፣ አትፈልግም እንጂ።

በማግስቱ እንደ ልማዴ 1ን ተጭኜ ዘረጋሁለት። አንዲት ፊደል መታ፣ ወዲያው ታየች። ማሽኗ ደህና መሆኗን ሲያይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለራሱ ፈረደ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። አንተም ያን ቀን ኮሪደር ላይ ክንዴን ይዘህ ወደ ጎን ወሰድከኝ። ቃልህን ልመልስልህ፤ «አባባ መዘንጋት ጀምሯል። ዕድሜ ነው። ለሐኪም አሳዪው» አልከኝ። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ ያዘነ ሰው ፊት አበጅተህ። እኔ ሞኟ ደግሞ ስላሰብክለት አመሰገንኩህ።

ወሰድኩት። ሐኪሟ ቀኑን ጠየቀችው፣ የሦስት ዕቃ ስም ነግራው ቆይታ መልሳ ጠየቀችው፣ ሰዓት ሳልልኝ አለችው። ሁሉንም መለሰ። አእምሮው ደህና ነው አለችን። እኔ አመንኳት፣ እሱ ግን አላመናትም። ከዚያ ወዲህ «ውሃ»፣ «መስኮቱን ዝጊው»፣ «በቃኝ» ከማለት ያለፈ አልጻፈም። እሱንም በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል እየለቀመ፣ ስክሪኑን እያየ። ያ ሰው ወረቀቱን ማየት ጀመረ። በሁለተኛው ወር ሞተ፤ አእምሮዬ ከዳኝ ብሎ እንዳመነ ሞተ።

እንግዲህ ወደ እሑዱ ጨዋታህ እንምጣ። ጠረጴዛውን ከብበውህ ነበር። ደረትህን ነፍተህ ስትጀምር እኔ ደግሞ የአባባ ስም ሲነሳ ደስ ብሎኝ ጠጋ አልኩ።

«የአባባን ኪቦርድ ከስልኬ ጋር አገናኝቼ ሪፖርቴን ጻፍኩና መለስኳት። ሶፋው ላይ ተጋድሜ ለአለቃዬ ልልክ ስል፣ ፊደሎቹ በራሳቸው ይመጡብኝ ጀመር» አልክ። «ጂን ገባበት ብዬ ስልኩን ልወረውረው ነበር። ለካ ሽማግሌው ከግድግዳው ወዲያ ቁጭ ብሎ ይጽፋል። እኔ ሳጠፋ እሱ ሲጽፍ፣ እኔ ሳጠፋ እሱ ሲጽፍ። ፍጥነቱ ደግሞ! አውራ ጣቴ ዝሎ ሊሞት።»

አውራ ጣትህ እንዴት እንደተሯሯጠ በእጅህ አሳየሃቸው። የሙሽራው አጎት እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔ ብርጭቆውን የት እንዳስቀመጥኩት እስካሁን አላስታውስም።

በአንተና በአባባ መካከል አንድ ግድግዳና አንድ በር ነበር። ዐሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ተነስተህ «አባባ፣ የምትጽፈው ወደ እኔ እየመጣ ነው» ብትለው ያልቅ ነበር። መነሳት ካስጠላህ ተኝተህ መጮህ ትችል ነበር፤ ጆሮው እንደሆነ ደህና ነበር። የመጣውን ሳታጠፋ ብትተወውም ይበቃ ነበር፤ በኋላ ለእኔ ማሳየት ማንን ይገድላል? አንተ ግን ማጥፋቱ ቀለለህ። ይህንንም ስንፍና ነው ብዬ ልተወው እችል ነበር። ኮሪደር ላይ ያልከኝን ግን ምን ብዬ ልተወው? አባባ እንደጻፈ ከእኔም ከእሱም በላይ የምታውቀው አንተ ነበርክ። ብትናገር ትንሽ ታፍር ነበር፣ ያውም ለግማሽ ቀን። ያችን እፍረት ላለመቅመስ አባትህን ዘንጊ አደረግኸው። እሱ በልቡ ራሱን ሲመረምር፣ እኔ ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ፣ አንተ ሻንጣህን እያዘጋጀህ ነበር።

ክፉ ብትሆን እፈራህ ነበር። ጠላት ብትሆን እጣላህ ነበር። አንተ ግን ከሁለቱም አይደለህም፤ ክፋት እንኳ መነሳት ይፈልጋል። ስለዚህ የቀረኝ መናቅ ነው፤ ንቄሃለሁ። በሠርጉ ቤት ሆኜ ሳስበው ያመኝ ነበር፤ ዛሬ ስጽፈው ግን ቀለል ብሎኛል።

እጅ መታጠቢያው ጋ ተከትዬህ የመጣሁት ለጠብ አልነበረም። አንድ ነገር ለማወቅ ነበር።

«ምን ይል ነበር?» አልኩህ።

«ምኑ?»

«አባባ ያን ቀን የጻፈው።»

«ኧረ እኔ እንጃ። ረጅም ነበር። ስምሽን አይቻለሁ መሰለኝ።»

እጅህን በፎጣ ጠርገህ፣ ስልኩንም ከቀየርከው እንደቆየህ ነግረኸኝ፣ ወደ ሳቅህ ተመለስክ።

ከእሑድ ጀምሮ የምኖረው በዚያች ቃልህ ነው። ልብስ ሳጥብ ስሜ ነበረበት እላለሁ። ሥራ ቦታ ሰው ሲያናግረኝ ስሜ ነበረበት እላለሁ። ይቅርታህን አልፈልግም፤ አንተም አሳምረህ ስለምትጠይቅ አትድከም። ምን እንዳለም ጻፍልኝ አልልህም። ትፈጥርልኛለህ፤ የሚያስለቅስ አድርገህ ትፈጥርና ቀድመህ ገጽህ ላይ ትለጥፈዋለህ። የምጠይቅህ አንዲት ነገር ብቻ ናት። ስሜ የቱ ጋ ነበር? መጀመሪያው ላይ ነው ወይስ መሃል?

መጀመሪያው ላይ ከነበረ የጻፈው ለእኔ ነው። ምን እንዳለኝ ባላውቅም የሚለኝ ነገር እንደነበረው አውቄ እኖራለሁ። መሃል ላይ ከነበረ ግን የጻፈው ስለ እኔ ነው፣ ለሌላ ሰው። ፊት ለፊት ከአንተ ጋር መነጋገር ይከብደው እንደነበር ታውቃለህ፤ ጉሮሮው ደህና ሳለም ይከብደው ነበር። ለአንተ የሚጽፈውን ሁሉ ጽፎ ሲያበቃ እንድልክልህ ጠረጴዛውን እያንኳኳ የሚጠራው እኔን ነበር። ያን ቀን የጠራኝም ለዚያ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ደብዳቤው የተጻፈለት ሰው እጅ ገብቶ ነበር፤ ሶፋ ላይ ተጋድመህ፣ አባትህ ፊደል በፊደል እየነገረህ፣ አንተ በአውራ ጣትህ እየተከተልክ ስታጠፋው ነበር።

አንዲት ቃል ብቻ ጻፍልኝ። መጀመሪያ ወይም መሃል።

እህትህ