ከሃይፋ የላክሃቸው ጠጠሮች

ይድረስ በሃይፋ ለምትኖረው ለወንድሜ ለማይር። ጉልበትህን እንዴት አደረገህ? እኔ ከሳሎኒካ እርጥበትና ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

የዘንድሮ ጠጠሮችህ ደርሰውናል። ባሌ ፔፖ እንደየዓመቱ፣ እንደ አይሁድ ልማዳችን ወስዶ፣ ናዚዎች በባቡር ጭነው ለወሰዷቸው ወገኖቻችን በቆመው ሐውልት ሥር ደረደራቸው። የአያታችንን የግራሲያን ስም የጻፍክበትን ከሁሉም በላይ አኖረው።

ቅዳሜ ከምኩራብ ሲመለስ ሐውልቱን በመዶሻ የሚቀጠቅጡ ጎረምሶች አገኘ። «እናንተ ዱርዬዎች!» ብሎ ቢጮህባቸው፣ «ሽማግሌው፣ አንተን ባቡሩ ጥሎህ ሄደ እንዴ?» ብለው እየሳቁ፣ እኛው የደረደርነውን ጠጠር እያነሱ ወገሩት። ግንባሩ ተተርትሮ ዘጠኝ ቦታ ተሰፋ። ባለ ኪዮስኳ ፋኒ መጥረጊያዋን ይዛ ባትደርስለት ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ መርዶ ነበር።

ግንባሩን የተረተረው የግራሲያ ጠጠር ነው። ደሙን አጥቤ ልመልሰው ስል ፔፖ ነጠቀኝና ካፖርቱ ኪስ ከተተው።

«ምን ሊያደርግልህ ነው?» አልኩት።

«ነፋስ እንዳይወስደኝ ነዋ!» ብሎ ቀለደ።

ከዚያ ወዲህ ምሳውን ሳይጨርስ ይወጣል። ከጎረምሶቹ አንዱ የሚሠራበት የሞተር ብስክሌት ጋራዥ ፊት ለፊት ቆሞ እንደሚውል ፋኒ ነገረችኝ። ሞተር ብስክሌት ደግሞ ወዶ አያውቅም።

ዛሬ ፔፖ ሹራብ ብቻ ለብሶ ወጣ። ካፖርቱን ልቦርሸው ከመስቀያው ባነሳው ቀለለኝ፤ ጠጠሩ ኪሱ ውስጥ የለም።

ልጆቹን ሳምልኝ። ለሙታን አበባ ማኖር የእኛ ልማድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለከርሞ ግን፣ ወንድሜ፣ አበባ ላክ።

እህትህ ስተሪና