እጄን እስክፈታ

ጥቅምት 4

ፀጉር ቤቱ ሞልቶ ዋለ። አንዷን አጥቤ ሳልጨርስ ሌላዋ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሆና "ተቀቀልኩ እኮ!" ትለኛለች። ልጄ ሚጣ ከትምህርት ቤት መጥታ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ሥዕሏን ትሥላለች። አንዷ ደንበኛ "ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ ድምፅዋ አይሰማም" አለችኝ። ምን ልበላት? ማጅራት ገትር ጆሮዋን ይዞባት ሄደ ልበላት?

ትምህርት ቤቷ ለወላጆች የምልክት ቋንቋ ያስተምራል፤ ማታ ማታ። ወሰንኩ። በየቀኑ እሄዳለሁ። ምንም ቢመጣ አንድ ቀን አልቀርም።

ጥቅምት 7

ሄድኩ። አስተማሪዋ ራሷም አትሰማም። ሰላምታ፣ ውሃ፣ ዳቦ፣ እናት... ሹሩባ ላይ እንዲያ የሚሮጡት ጣቶቼ እንጨት ሆኑብኝ። ቤት ስገባ ለሚጣ "እናት" አልኳት በእጄ። አየችኝና ወደ ሥዕሏ ዞረች።

አባቷ አልወደደውም። "በእጅ ካስለመድሻት አፏን ትተወዋለች" አለኝ። ወረቀት ላይ "ጆሮሽ ይመጣል" ብሎ እየጻፈ ያሳያታል። ሐኪሙ የነገረንን አብረን ነው የሰማነው... እሱ ግን አልሰማም።

ጥቅምት 15

ቀረሁ። ልወጣ ስል ሁለት ደንበኞች ገቡ። እትዬ፣ የፀጉር ቤቱ ባለቤት፣ "አንቺው ጨርሻቸው" አለችኝ።

ጥቅምት 16

ዛሬም።

ጥቅምት 24

ስንት ቀን ቀርቼ ተመለስኩ። ክፍሉ ጥሎኝ ሄዷል። ሌሎቹ ወላጆች በእጃቸው እየተቀላለዱ ይሳሳቃሉ። እኔ ለቅሶ ቤት ተሳስቶ እንደገባ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። ሳያልቅ ወጣሁ። መንገድ ላይ አለቀስኩ። ሰው አየኝ... ይየኝ።

ኅዳር 3

ሚጣን ልወስዳት ሄጄ በሩ ላይ ከጓደኛዋ ጋር ስታወራ ደረስኩ። እጆቿ ሲበሩ! አንዲት ቃል አልያዝኩም። የሆነ ነገር ተባብለው ፍርስ ብለው ሳቁ። በምን ይሆን? ስታየኝ እጆቿን ኪሷ ከተተች። ቋንቋውን የማይችል እንግዳ ሲመጣ ወሬ እንደሚቋረጠው።

አምጬ የወለድኳት ልጅ... የባዕድ አገር ሰው ሆነችብኝ።

ኅዳር 4

ተውኩት። አልችልም። እኔ ድሮም የጀመርኩትን አልጨርስም።

ኅዳር 11

አስተማሪዋ ፀጉር ቤት መጣች። ልትቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ፀጉሯን አሳየችኝ። እያጠብኳት አፈርኩ። ወረቀት አውጥታ "ለምን ቀረሽ?" ብላ ጻፈች። በእርጥብ እጄ "በየቀኑ ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም" ብዬ ጻፍኩ። አንብባ ፊቷን አኮማተረችና ጻፈች። "በየቀኑ ያለሽ ማነው? ሰዓቱን ተዪው፣ ልጅቷን አትተዪ። ሲመችሽ፣ በተመቸሽ ቦታ ተማሪ።"

ለእሷ ቀላል ነው። ግን ማበጠሪያ ሳነሣ በመስታወት እያየችኝ ምልክቱን አሳየችኝ። ፎጣ ሳነሣም። እጄ ሥራ ይዟል፤ በዓይኔ ያዝኩት።

ኅዳር 20

አሁን ደንብ የለኝም። ደንበኛ ካስክ ውስጥ ስትገባ መስታወት ፊት አንድ ቃል። ታክሲ ስጠብቅ አንድ። ትናንት ምንም። ድሮ ቢሆን ምንም ያልሠራሁበት ቀን ሁሉን ያስጥለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ቀጠልኩ።

ሚጣንም መጠየቅ ጀመርኩ። ዕቃ አሳያታለሁ፣ ምልክቱን ትሰጠኛለች። ስሳሳት ጣቴን ይዛ ታጣምመዋለች። ርኅራኄ የላትም። ግን የማውቀው ዕቃ ዕቃውን ነው... ማበጠሪያ፣ ጫማ፣ በር። "ሌሊት ትፈሪያለሽ ወይ?" በእጄ እንዴት ነው የምላት?

ታኅሣሥ 2

አባቷ ከኋላዋ ቆሞ አጨበጨበ። አልዞረችም። ጠንከር አድርጎ ደገመው። ደገመው። መዳፉ ቀላ። ማየት አቅቶኝ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስንት ቃል ብለቅም ጆሮ አይሆናት። ለምንድነው የምለፋው?

ታኅሣሥ 13

ታምሜ ተኛሁ። ምንም አልተማርኩም። ሚጣ መጥታ በእጇ "ውሃ?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ የደረስነው እዚህ ነው። ውሃ። አዎ።

ታኅሣሥ 27

ከእትዬ ጋር ተጣላሁ። ደንበኛ አስቀምጠሽ ከመስታወት ጋር ታወሪያለሽ አለችኝ። እውነቷን ነው። ቢሆንም ከአስተማሪዋ የለቀምኩትን ሦስት ቃል ይዤ ገባሁ። መቼ። መምጣት። ማወቅ።

ጥር 6

ጠዋት ለትምህርት ቤት ፀጉሯን እየሠራሁላት ነበር። እጄን ያዘችና ወደ እኔ ዞረች።

"ጆሮዬ መቼ ነው የሚመጣው?"

ገባኝ። አንዱም ቃል ሳያመልጠኝ ገባኝ። ከዳር እስከ ዳር የገባኝ የመጀመሪያው ንግግሯ ይሄ ይሁን? ያልገባኝ መስዬ ማለፍ እችል ነበር። እስከ ዛሬ ሳይገባኝ ስንቱን አልፌ የለ?

"አይመጣም" አልኳት። ቸኩዬ አበላሸሁት። ግንባሯን ቋጠረች፤ ድገሚው አለችኝ። ደገምኩት፤ አጥርቼ። እጄን የፈታሁት ለካ ይሄን ለማለት ነው።

አላለቀሰችም። "አውቃለሁ" አለች። ወደ ሳሎን አየች፤ አባቷ ጫማውን ያሥራል። እጆቿን ደረቷ ሥር ደበቅ አድርጋ፣ ለእኔ ብቻ፣ "አባባ ግን አያውቅም። እንዳትነግሪው" አለችኝ።

ከዚያ ዞራ ፀጉሯን ሰጠችኝ። ምን አደርጋለሁ? መጎንጎኔን ቀጠልኩ። የከፋፈልኩት መስመር ታየኝ ጠፋኝ...

አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን ነበር። "ምን አለችሽ?"

"ፀጉሬን አታጥብቂው አለችኝ" አልኩት።

ቀስ ብሎ፣ "እንዴት ነው እሱ በእጅ የሚባለው?" አለኝ። ጠይቆኝ አያውቅም።

"እሷን ጠይቃት።"

መጥቶ ፊት ለፊቷ ተንበረከከ። ሁለት እጆቹን አነሣ። ምን ብሎ እንደሚጠይቃት ግን አያውቅም።