ለዓይን የተተከለ ሳር

ጳጉሜን ፩፣ ሐሙስ

በላችው። የጎረቤቴ የአያ ድንቁ ላም አጥሬን ጥሳ ገብታ የጓሳ ሳሬን ግማሽ በላችው። ከጉና ተራራ ሥሩን በጭቃ ጠቅልዬ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ ያመጣሁት ነው። ክረምቱን ሙሉ ነፋስ ሲያስተኛውና ሲያስነሳው ቆሜ እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ሰንበሌጡን አልነካችውም። ጠጅ ሳሩንም አሽትታ ትታዋለች። ተመስገን።

ባለቤቴን ጥሩወርቅን ጠርቼ ጉዳቱን ባሳያት፣ ከኔ ይልቅ ለላሚቱ አዘነች። ከብት ሳር ካልበላ ምን ይብላ አለች። ሳሩ ያለበትን መደብ ለጎመን እንደምትፈልገው አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትፈልገው ኖራለች።

ጳጉሜን ፪፣ ዓርብ

አያ ድንቁ መጣ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ አገጬን ቀና አድርጌ ወጣሁ። እሱ ግን ከደጃፌ ቆሞ ማርከሻ ስጡኝ አለ። የምን ማርከሻ? ላሚቱ የደብተራ መድኃኒት በልታለችና ሳትሞትበት ማርከሻውን። ሳር ነው አልሁት። ከበላች ወዲህ ዝም ብላለች አለኝ። ላም መቼ ስታወራ ኖራ ነው?

ታዲያ ለምን ተከላችሁት ቢለኝ፣ ለማየት አልሁ። ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ፊቱ ተለወጠ። ሰውዬው መሬት የሚቆፈረው ለገብስ ወይም ለጌሾ መሆኑን ነው የሚያውቀው። እንደኔ ያለ ደብተራ ሥር እየቆፈረ ሲተክል ሲታይ ደግሞ ስሙ አንድ ነው፤ ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ። ለንጉሡ መድፍ የሚሠሩት የጋፋት ፈረንጆች እንኳ ብረት ሲቀጠቅጡ ለምን እንደሆነ ይናገራሉ ብሎኝ ሄደ።

ጳጉሜን ፫፣ ቅዳሜ

ሩፋኤል። የዛሬው ዝናብ ጠበል ነውና መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ሲጠመቅ እኔም ወጣሁ። ከጎኔ የነበሩት ፈቀቅ አሉ። ብቻዬን ተጠመቅሁ።

ወሬው ገሳይ ገበያ ደርሶ፣ ሰብቶ ተመልሷል። ጓሳው የኮበለለ ባል የሚመልስ፣ ሰንበሌጡ ጠላት የሚያደርቅ ሆኗል አሉ። ጠጅ ሳሩን ያማ የለም፤ ስሙ ሳያድነው አልቀረም።

እስከዚህ ያስቃል። ማታ ግን የደብራችን አለቃ መልእክት ላኩብኝ። ሰኞ ከሽማግሎች ጋር መጥተው ያያሉ። እውነት ሆኖ ካገኙት ከማኅሌት እወጣለሁ፤ ድጓ ማስተማሬም ይቀራል። ሌላ እንጀራ የለኝም። ፈራሁ።

ጳጉሜን ፬፣ እሑድ

ልንቀለው? ብነቅለው መድኃኒቱን ሸሸገ ይሉኛል። ብተወው ይኸውላችሁ ይሉኛል። ከመጻሕፍት ስለ ሳር የሚናገረውን ሁሉ ለቃቅሜ መልስ ላዘጋጅ ሞከርሁ። ሁሉም የሚለው ሳር ይደርቃል ነው። ይህ ለኔ ነገር አይረዳም።

ጥሩወርቅ ስንቆራጠጥ አይታ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ፣ እኔ እንግዳ መቀበል አውቃለሁ አለችኝ። እንግዳ ነው እንዴ የሚመጣብኝ!

ጳጉሜን ፭፣ ሰኞ

ከተማሪ ቤት ስመለስ መደቡ ተላጭቶ አገኘሁት። ጉቶ ብቻ። ጓሳ የለ፣ ሰንበሌጥ የለ። ጮህሁ። ጥሩወርቅ ማጭዷን እንደያዘች ብቅ አለች። ሁሉንም አጭዳ ቤቱን ጎዝጉዛዋለች። ጠጅ ሳሩ ቤቱን አውዶታል።

ልቆጣ አፌን ስከፍት እነሱ ገቡ። አለቃው፣ ሦስት ሽማግሎች፣ ከኋላ አያ ድንቁ። አለቃው ጉዝጓዙ ላይ ተቀመጡ። በእጃቸው ዳበሱት፣ አሸተቱት፣ ይህን የመሰለ ሳር ከወዴት መጣ አሉ። ጥሩወርቅ ቀደመችኝ።

«ከጓሮ ነው አባቴ። ለእንግዳ ብለን የምንተክለው ነው።»

ለእንግዳ! እኔ ከነቅኔዬ ያላሰብሁትን ቃል። ለዓይን ሲሉት ጥንቆላ የሆነው ሳር፣ ለመቀመጫ ሲሉት ወግ ሆነ። ሽማግሎቹ ተያዩ። አያ ድንቁ እግሩ ሥር ያለውን አየና፣ ለነገሩ ላሚቱም ዛሬ ጠዋት ጮኻለች አለ። አለቃው ጉዝጓዝ ነው፣ ነገሩ አልቋል ብለው ፈረዱ። ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ጥሩወርቅን ላመስግናት ወይስ ልጣላት አላወቅሁም። ሥሩን አልነካሁትም፣ ይበቅልልዎታል አለችኝ። ይህች ሴት በብልሃት ትበልጠኛለች። ይህን የምናገረው ለዚህች ለብራና ቁራጭ ብቻ ነው።

መስከረም ፩፣ ማክሰኞ

ቅዱስ ዮሐንስ። ማኅሌት ላይ በቦታዬ ቆምሁ። ድምፄም አላሳፈረኝም። ሁሉም እንኳን አደረሰህ አለኝ፣ ፈቀቅ ያለ የለም።

ስንወጣ አለቃው ጠቀሱኝ። ከቤተ ልሔሙ ጥግ ወስደው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ ስለ ጉልበታቸው ነገሩኝ። ክረምት ከገባ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቀኑን ሙሉ ከአልጋ አይነሱም፤ እግራቸው እንደ ግንድ ደርቋል። ለዚህ የሚሆነው ከሦስቱ ሳሮች የትኛው ነው አሉኝ።

«አባቴ፣ ሳር ነው እኮ» አልኋቸው።

«አውቃለሁ ልጄ፤ እንደዚያ ነው የሚባለው» አሉኝ።

ምን ላድርግ? እምቢ ብል ነፈገኝ ይላሉ። ብሰጥ ደግሞ ትናንት ከዳንሁበት ነገር ዛሬ በገዛ እግሬ ልገባ ነው። ከሰዓት በኋላ ከጓሳው ጉቶ አንዱን ከነሥሩ ነቅዬ ወሰድሁላቸው። አይበላም፣ አይጠጣም፣ አንገት ላይም አይታሰርም አልሁ። ከግቢው ዳር ይትከሉትና ጠዋት ጠዋት በእግርዎ ሄደው ይዩት። ስንት ቀን ነው አሉ። እስኪያብብ አልሁ።

ራሳቸውን ነቅንቀው ጉድጓዱን በራሳቸው መቆፈሪያ ጀመሩ። ይሻላቸው እንደሆነ እንጃ። በደብረ ታቦር ሳር ለማየት የሚተክል ሰው ግን ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሆነናል።