ዋሊድ ገና ነው

መጋቢት 4

ባምባሲ ዛሬም እሳት ሆና ዋለች። ቤት ለቤት ስዞር ጫማዬ ቀይ አፈር ብቻ ሆነ። ማንጎው ደርሷል። በየቤቱ ሲሰጡኝ እምቢ ማለት አልችልም... ማታ ቦርሳዬን ስከፍት ማንጎ ብቻ። ጤና ኤክስቴንሽን ነኝ ወይስ ማንጎ ነጋዴ?

ኡምኩልሱም ቤት ቆየሁ። ለሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ታላቅ እህት ናት፤ እሷ ያልሄደችበት ማንም አይሄድም። አማርኛዋ ሰውን ሁሉ "አንተ" ነው የሚለው፣ እኔን ሴቷንም ጭምር። የኔ በርትኛ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ስናወራ እንሳሳቃለን።

"ስንት ልጅ አለሽ?" አልኳት።

"ሁለት ሴት።"

ትንሹ ልጇ ዋሊድ እግሬ ሥር ቁጭ ብሎ የጫማዬን ክር እያኘከ ነው። "ይሄስ?"

"ይሄ ገና ነው።"

ከሱ በፊት የነበረውን ወንድ ልጅ ኩፍኝ ወስዶባታል። ያኔ ቆጥራው ነበር። አሁን ኩፍኝ ሳያልፈው አትቆጥርም። ልማዱን አውቀዋለሁ፤ የኛም ሰዎች ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ ይዘውት መጥተዋል። "የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት ወስዷል፤ ሁለተኛውን ሲወስድ ትቆጥሪዋለሽ" አልኳት። "ይውሰድ፣ እናያለን" አለች። አንጀቴን በላችው። ይሄን ልጅ ሳላስቆጥር ከዚህ ቀበሌ ንቅንቅ አልልም።

መጋቢት 8

ጤና ጣቢያ ስብሰባ። ነርስ ኢዘዲን ሲናገር ብዙ ጊዜ እንቅልፌ ነው የሚመጣው። ዛሬ ግን ነቃሁ። ለካ ኩፍኝ ለራሱ ብቻ አይደለም የሚፈራው። የልጁ ሰውነት ሌላውን በሽታ ለመመከት የተማረውን ያስረሳዋል አለ። ኩፍኙ ከለቀቀው በኋላ ሌላው በሽታ እንደ አዲስ ይጥለዋል። የተከተበው ልጅ ግን የተማረው አይጠፋበትም። ይሄን ሁሉ ጊዜ ስከትብ ይሄን አላውቅም ነበር...

ሐምዳንም በር ላይ ቆሞ ሰማ። ማንጎ ሻጩ። ባጃጁ ላይ ድምፅ ማጉያ ስላለው የክትባት ቀን ሲደርስ የሚለፍፍልን እሱ ነው፣ ለጽድቅ ብሎ። "ገባኝ እህቴ፣ ለኔ ተይው" አለኝ። ተውኩለት።

መጋቢት 12

ምነው ባልተውኩለት። የሐምዳን ባጃጅ በቤቴ በኩል ሲያልፍ ሰማሁት። ድምፁን ቀርፆ ነው የሚያስጮኸው፦ "አንድ መርፌ! ኩፍኝ፣ ጉድፍ፣ ጉንፋን፣ ሁሉንም ያባርራል! ጣፋጭ ማንጎ!"

ሮጬ ያዝኩት። ጉንፋንን ማን ጨምር አለህ?

"ትንሽ ካላጋነኑት ማን ይገዛል?" አለኝ።

ልቆጣ ፈልጌ ሳቄ መጣ። አጥፋው አልኩት፣ አጠፋው። ግን ገበያው ሁሉ ሰምቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

መጋቢት 19

ጉድ ፈላ። ዋሊድ ሽፍታ ወጣበት።

ስሄድ የግቢው በር ላይ እርጥብ ቅጠል ተሰክቷል። ሽፍታ ያለበት ቤት ነው፣ የውጭ ሰው አይግባ ማለት ነው። ኡምኩልሱም በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝ። "አንተ ውሸታም ነው" አለችኝ። ዛሬ ሳቅ የለም። "መርፌ ወሰደ፣ ሽፍታ መጣ። ሐምዳን ሁሉንም ያባርራል ብሎ ነበር። ሁለተኛ መርፌ የለም።"

ምሳ አልበላሁም። የምሬን ፈራሁ። ኩፍኝ ቢሆንስ? የመጀመሪያው ክትባት ባይዝለትስ?...

መጋቢት 20

የክትባት ቀን ነበር። ማንጎው ዛፍ ሥር ከበረዶ ሣጥኔ ጋር ተጎልቼ ዋልኩ። አንዲት ፍየል መጣች፣ አየችኝ፣ ሄደች። ከዚያ ሌላ ማንም።

ከሰዓት አጥሩ ጋ ሄድኩ። ቅጠሉን አልፌ አልገባሁም፤ ልማድ ይከበራል። ውጭ ቆሜ ጠየቅኩ።

"ዓይኑ ቀልቷል?"

"አይ።"

"ሳል አለው?"

"አይ።"

"ሽፍታው ውሃ ቋጥሯል?"

ልብሱን ገልጣ አየች። ከዚያ "አዎ፣ ውሃ አለ። ያካል፣ ያካል።"

ተመስገን... ጉድፍ ነው። አጥሩን ተደግፌ ሳቅሁ።

"ልጅ ታሞ አንተ ይስቃል?"

ይቅርታ ጠየቅኩና አስረዳኋት። ይሄ ጉድፍ ነው፣ ሌላ በሽታ። የወሰደው የኩፍኝ ነው፣ ጉድፍን አይከለክልም። ሐምዳን አጋኖት ነው።

"ሌላው ከገባ መርፌው ምን ይሠራል?"

ጥሩ ጥያቄ። ኢዘዲን ያለውን ነገርኳት፤ ኩፍኝ ሲገባ ሰውነቱ የተማረውን ሁሉ ይዞበት እንደሚሄድ። አጥሩን በእጇ ነካ ነካ አደረገች።

"የኔ አጥር ለፍየል ነው" አለች። "ዝንጀሮ በላይ ይዘላል። ግን ዝንጀሮ ፍሬ ይበላል። ፍየል ችግኝ ይጨርሳል። ዝንጀሮ ገባ ብዬ አጥር አላፈርስም።"

እንዲህ አድርጌ አስረድቼ አላውቅም። ታዲያ ታስከትቢዋለሽ ወይ ስላት "ጉድፍ ይለቀው፣ እናያለን" አለች። አይ ይቺ "እናያለን"...

ሚያዝያ 3

ዋሊድ ዳነ። ቅጠሉ ወረደ። ሐምዳንን እየጎተትኩ ወሰድኩት፤ አንድ ከረጢት ማንጎ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ። ኡምኩልሱም ማንጎውንም ተቀበለች፣ ልኩንም ነገረችው። ከዚያ "ድምፅ ማጉያ አምጣ፣ እኔ ይናገራል" አለችው። ሐምዳን የማንጎውንም አብረሽ በይልኝ ሊል አፉን ከፈተ፤ አይቼው ዘጋ።

ሚያዝያ 10

ጠዋት ባጃጁ በሷ ድምፅ ሰፈሩን ዞረ፦ "እኔ ኡምኩልሱም ነው። መርፌ ለኩፍኝ ነው። ለጉንፋን አይደለም። አጥር ለፍየል ነው። ማንጎ ሥር ኑ።"

መጡ። ጥላው አልበቃ ብሎ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ዋሊድ ከፊት ነበር። ስወጋው ነከሰኝ፤ ጥርስ አብቅሏል ለካ። ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት።

ስንት ልጅ አለሽ ልላት ፈልጌ ፈራሁ።

ሚያዝያ 28

አጎራባች ቀበሌ ኩፍኝ ገባ አሉ። ሥራ አልያዝ አለኝ።

ግንቦት 21

ዝናቡ ጀምሯል። ስለ ኩፍኙ መጻፍ ፈርቼ ነበር፤ አሁን ልጻፈው። የኡምኩልሱም እህት ልጇን ይዛ ከዚያ ቀበሌ ለጥየቃ መጥታ ነበር። ያልተከተበ ነው። ከዋሊድ ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ ሲጫወት ከረመ፣ ከዚያ ኩፍኝ ወጣበት። ጤና ጣቢያ ተኝቶ ተሽሎታል፣ ተመስገን። ዋሊድን ስጠብቅ፣ በየሰበቡ በበራቸው ሳልፍ ሰነበትኩ። ትኩሳት የለ፣ ሽፍታ የለ። እንደውም ወፍሯል።

ዛሬ ቤት ለቤት ስዞር እሷ ጋ ደረስኩ። ስለ ዝናብ አወራን፣ ስለ ማንጎው ማለቅ አወራን። ልሄድ ስነሳ "ዛሬ አትጠይቅም?" አለችኝ።

"ስንት ልጅ አለሽ?" አልኳት።

ዋሊድን ሳብ አድርጋ እጇን ጭንቅላቱ ላይ ጫነች።

"ሦስት" አለች። "ጻፍ።"

እስክሪብቶዬን ፈለግኩ። ዋሊድ አፍ ውስጥ ነው።