ማሰሮዬን በሾርባ ሞልታችሁ ስለመለሳችሁልኝ

ለክቡር ዶክተር ሊምበርት ፖማ
የቪላ ቾካታ የእናቶች ሆስፒታል ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን እና የእኛ የሆነ አንድ ነገር ማስመለስን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይ ደግሞ ጆሮዎ ደህና ነው ወይ? ጆሮዎን ነጥዬ መጠየቄ፣ ልጄ ከተገላገለች ወዲህ በጸሐፊዎ በኩል የላክሁት መልእክት ሁሉ የት ገብቶ እንደሚቀር ስላላወቅሁ፣ ምናልባት ብርዱ ጆሮዎን መትቶት ይሆናል ብዬ ከመስጋት ነው። ዘንድሮ የደጋው ሜዳችን ውርጭ ድንጋይ ይሰነጥቃልና፣ ከበሩ ውጭ ቆመን የምንውለውን እኛን እያሰቡ በሞቀው ቢሮዎ ውስጥ እንዳይበርድዎ እመቤታችን ትጠብቅዎ።

እኔ ሂላሪያ ዩህራ እባላለሁ፤ በገበያው የላይኛው ረድፍ የሱፍ ክር እሸጣለሁ። እርስዎ ባያውቁኝም እኔ ሹራብዎን አውቀዋለሁ፤ ክሩ የእኔ ነው። ባለፈው ሳምንት በሆስፒታልዎ ሴት ልጅ የወለደችው ሮስሜሪ ልጄ ናት። ሕፃኗ ደህና ናት፤ ፀጉሯ ግንባሯን ሸፍኖታል፣ በተወለደች ዕለት ስታለቅስ ድምፅዋ የሚኒባስ ረዳት ይመስል ነበር። ስለዚህም ያዋለዷትን ሐኪሞች ከልቤ አመሰግናለሁ። ይህኛው ምስጋና እውነተኛ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጡትን ግን እየመዘኑ ይቀበሏቸው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከጓዙ ልጀምር። ሮስሜሪ ወሯ ሲገባ በስልኳ ላይ አንዲት የሩቅ አገር ሴት እያየች ባለ ጎማ ሮዝ ሻንጣ አዘጋጀች፤ በውስጡም የከንፈር ቅባት፣ ጥንቸል የሚመስል የቤት ጫማ፣ በምጥ ጊዜ የሚሸተት ሽቶ ከተተችበት፤ ስታምጥ የምትሰማውንም የወፎች ዜማ በስልኳ ጫነች። እኔ አንድ ሁለት ነገር ልጨምርበት ብል «እማዬ፣ አሁን ዘመኑ እንዲህ ነው፤ አንቺ ደግሞ ያንን የሸክላ ጣጣሽን ተዪው» ብላ ሳቀችብኝ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይኸው ነው። እኔም የራሴን ጓዝ በአጓዮ፣ ሕፃን በምናዝልበት ባለ ቀለም የሱፍ ጨርቄ፣ ቋጠርሁት፤ ወገቧን የምታስርበት የሱፍ መቀነት፣ ጆሮዋን ከብርድ የምትከልልበት ሻሽ፣ በፔርሙዝ የቀረፋ ሻይ፣ በሌላ ፔርሙዝ የበግ መረቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እሳት ያላየች፣ ጨው ያልቀመሰች አዲስ የሸክላ ማሰሮ። የማሰሮዋን ሥራ በዚህ ሜዳ የተወለደ ሁሉ ያውቀዋል። የእንግዴ ልጁ ወደ ቤቱ የሚመጣባት ናት። አጥበን፣ በአበባ ሸፍነን፣ ከምድጃው አጠገብ እንቀብረዋለን፤ ያን ጊዜ አራሷም ትጠናለች፣ ልጅም አገሩን ያውቃል።

ሦስተኛው ጓዝ የእርስዎ ነው፤ ስለ እሱ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አመለክታለሁ።

፩ኛ. በበሩ ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ ወላድ ሁሉ ጓንት፣ ጥጥ፣ ፋሻ፣ መርፌ፣ በረኪና፣ የሽንት ቤት ወረቀትና አንድ አምፖል ይዛ እንድትመጣ ያዛል። የሮስሜሪ ባል ዊልደር ሚኒባስ ነጂ ስለሆነ ጓዙን ሁሉ ጭኖ መጥቶ ከበሩ ላይ ሲያራግፍ፣ መንገደኛው «ሆስፒታሉ ቤት ለቀቀ እንዴ?» እያለ ይጠይቀን ነበር። ይህን ያህል ስለታመንን ክብር ይሰማናል። ልጄን ያዋለደችው ሐኪም ግን በስልኳ መብራት ስትሠራ አየኋትና አምፖላችን ምን በላው እያልሁ ስጨነቅ፣ ወደ ግቢው ብወጣ በቢሮዎ መስኮት ቦግ ብሎ አገኘሁት። ተሳስቼ እንዳይመስልዎ፤ ዊልደር በሱቁ ሌላ አጥቶ ለገና በዓል የሚሰቀለውን ቀይ አምፖል ነበር የገዛው፤ በቪላ ቾካታ ደግሞ በቀይ መብራት የሚሠራ ቢሮ ከእርስዎ ቢሮ በቀር አላውቅም። ብርሃናችን ከፍ ካለ ቦታ ስለደረሰልን እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ስለ ዘበኛዎ ስለ ዶን ካስቶ ትጋት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ልጄ ግድግዳ ይዛ እያማጠች እሱ ቋጠሮዬን ፈትቶ አንድ በአንድ መረመረው። «ይሄ ምንድነው?» አለ፤ መቀነት ነው አልሁት። «ገመድ ክልክል ነው።» ይሄስ? የበግ መረቅ ነው። «የውጭ ምግብ ክልክል ነው።» ይሄኛውስ? የቀረፋ ሻይ ነው። «ፈሳሽ ክልክል ነው።» በረኪናው ግን ፈሳሽ መሆኑ ተረስቶለት በክብር ገባ፤ የጥንቸሉ ጫማም አለፈ። እንደ ገባኝ የመመሪያዎ ሚዛን አንድ ነው፤ ሆስፒታሉን የሚጠቅመው ይገባል፣ አራሷን የሚጠቅመው ይመለሳል። ማሰሮዋ ባዶ ስለነበረች ዝም ብላ አለፈች፤ በእርስዎ ዘንድ ባዶ ነገር አይከለከልም። ሰውዬውን እንዳይቆጡብኝ ደግሞ እለምናለሁ፤ መረቁን ሲመልስልኝ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና «ዶኛ ሂላሪያ፣ እኔም ስወለድ እናቴ ይህንኑ ነው የጠጣችው፤ ምን ላድርግ፣ ትእዛዝ ነው፣ ልጆች አሉኝ» ብሎ ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ።

፫ኛ. ባለፈው ዓመት በነሐስ ማርሽ ባንድ ታጅበው፣ ሪባን ቆርጠው፣ «እዚህ ባህላችሁ ይከበራል» የሚል ጽሑፍ ያስቀመጡበት የባህላዊ መውለጃ ክፍል እንዴት ያለ ውብ ክፍል ነው! በግድግዳው ላይ አጓዮ ተዘርግቶበታል፣ ተንበርክካ የምታምጥ ሴት የምትይዘው ገመድ ከጣሪያው ተንጠልጥሎበታል፤ ገመድ ክልክል በሆነበት ግቢ ይህ ትልቅ ድፍረት ነው። ይህን ሁሉ ያየሁት በቁልፍ ቀዳዳ ነው። ቁልፉ ፈቃድ ወጥቶ ሄዷል አሉን፤ በውስጡም የተሰበሩ ወንበሮች ከነእግራቸው ተደራርበው ባህላቸው ተከብሮላቸው ተቀምጠዋል። ልጄ ግን በአዳራሹ የብረት አልጋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ወለደች። እንደ ወንበሮቹ እግሯ ተሰብሮ ቢሆን ክፍሉ ይገባት ነበር ብለን ቅር ብሎን ይሆን እንጂ ቅሬታ የለንም።

፬ኛ. አሁን ወደ ማሰሮዬ እመጣለሁ፤ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያልቅብኝ ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ።

ማሰሮዋን ከሮስሜሪ አልጋ አጠገብ አስቀምጬ፣ ለሐኪሟም ለነርሷም ለምን እንደ መጣች ነግሬ፣ ሁለቱም «እሺ እማማ» ብለውኝ ነበር። ከዚያ ተረኛው ተቀየረ። አዲሷ ተረኛ ከቆላው አገር የመጣች፣ የእኛን ብርድም ልማድም ገና ያልለመደች ደግ ልጅ ናት፤ ንጹህ ማሰሮ ባዶዋን ተቀምጣ ስታይ ቤተሰቡ ምግብ ይሞላልን ብሎ ያመጣት መሰላት። ወሰደቻት፤ ወደ ወጥ ቤትዎም አደረሰቻት። እኔ ሕፃኗን አቅፌ ከአዳራሹ በር ስደርስ ያቺ ልጅ ፊቷ በደስታ እየበራ «እማማ፣ ማሰሮሽን ሞልቼ አመጣሁልሽ፤ በይ ሳይቀዘቅዝ ለአራሷ ስጫት» አለችኝ። ማሰሮዬ ውስጥ የመኮሮኒ ሾርባ ነበረ። ቀዝቅዟል ደግሞ። ጨዋማ። በዚህ አገር ለአራስ የቀዘቀዘ የመኮሮኒ ሾርባ ማቅረብ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ ላስረዳ አልደፍርም፤ ዶክተር ነዎት።

የእንግዴ ልጁስ ብላት «እሱማ ከቆሻሻው ጋር ሄደ፣ እማማ» አለች። ያለ ክፋት ነው ያለችው። ሮስሜሪ ከአልጋዋ ሰምታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያቺ በሸክላዬ የሳቀችብኝ ልጅ!

በኋላ በዶን ካስቶ በኩል እንደሰማነው አልተጣለም። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ባለው ቀዝቃዛ ክፍል፣ በቀይ ላስቲክ ታስሮ፣ ስሟ ተጽፎበት፣ ሐሙስ ከኦሩሮ ከተማ መጥቶ የሆስፒታሉን ቆሻሻ የሚያቃጥለውን መኪና ይጠብቃል። ይሰጠን ብለን አመለከትን። ጸሐፊዎ «ጥያቄዎ በመጤን ላይ ነው» አለችኝ። ማለፊያ ነው፤ መኪናው ግን ነገር አያጤንም፣ ይጭናል ይሄዳል።

፭ኛ. ይኸኛው ስለ መጸዳጃ ቤቱ ስለሆነ ትቼዋለሁ፤ ሰው ደብዳቤዬን ምግብ ላይ ሆኖ ሊያነበው ይችላል።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎትና ይህን ሁሉ የአሮጊት ወሬ እንደሚሉት አውቃለሁ። እኔም እንዲያምኑ አልጠይቅም። ግን ሮስሜሪ ቤት ገብታ በሦስት ብርድ ልብስ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች፤ ትኩሳት የላትም ብለው ሐኪሞችዎ አሰናብተዋታል። መረቁን አፏ አድርሳ ትመልሰዋለች። እኔ በሩን በከፈትሁ ቁጥር ቀና ትልና «እማዬ፣ አመጣሽው?» ትለኛለች። አላመጣሁም ስላት መልሳ ትተኛለች። ወተቷ እየቀነሰ ነው፤ ሕፃኗም ይህን ታውቃለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። በየትኛው መጽሐፍ እንደተጻፈ አላውቅም፤ ልጄ ግን ከራሷ አንድ ነገር እዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ትታ መጥታ በርዷታል። እኔ ይህን በዓይኔ እያየሁ ነው፣ እፈራለሁም።

ሌላም ልንገርዎ። ታላቅየው ልጄ ኤፍራይን የተወለደው በትልቁ ከተማ ሆስፒታል ነው፤ የእሱን እንግዴ ልጅ ማንም ሳይጠይቀኝ ጣሉት፤ እኔም ልጅ ስለነበርሁ አፌን ይዤ ወጣሁ። ኤፍራይን ዛሬ በሳኦ ፓውሎ በአንድ ምድር ቤት ልብስ ይሰፋል። ስልክ ሲደውል «ይሄ ዓመት ይለፍና እመጣለሁ፣ እማዬ» ይላል፤ ዓመቱ ያልፋል፣ እሱ አይመጣም። በዚያ ምክንያት ነው አልልም። አይደለምም አልልም። ለልጅ ልጄ ግን እንዲህ ያለ ስልክ እየጠበቅሁ መኖር አልፈልግም።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። አምፖሉን ይያዙት። በረኪናውም ይባረክልዎ። ጓንቱም፣ ጥጡም ለመጪዋ ወላድ ይሁን። ከሐሙስ በፊት ያንን ቀይ ላስቲክ ብቻ ይስጡን። ዊልደር ከምድጃው አጠገብ ጉድጓዱን ቆፍሮ ጨርሷል፤ ዶሮዎቹ እየገቡ ስላስቸገሩን በብረት ምጣድ ከድነነዋል። ሴት ልጅ ስለሆነች አብሮ የሚቀበር ትንሽ እንዝርት አዘጋጅቻለሁ። ማሰሮም ሌላ አዲስ ገዝቻለሁ፤ የቀድሞዋ ጨው ቀምሳለችና ለሾርባ እንድትሆን ከነመልካም ምኞቴ ለወጥ ቤትዎ አበርክቻለሁ።

ከፍ ያለ ግምት ለሚሰጡት መመሪያዎ ከፍ ያለ ግምት እየሰጠሁ፣ ለቢሮዎ ሙቀት፣ ለክፍልዎ ቁልፍ ደግሞ ከፈቃዱ በሰላም መመለስን እየተመኘሁ፣ ከበርዎ ውጭ ካለው ብርድ ሆኜ እጅ የምነሳ፣

ሂላሪያ ዩህራ
የሮስሜሪ እናት፣ ስሟ ገና ያልወጣላት ሕፃን አያት

ግልባጭ፦
ለገበያው ድምፅ ማጉያ (ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እንዲነበብ)
ለቤተ ክርስቲያኑ በር
ለዶን ካስቶ (እንዳይቆጡበት)

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ክር ሊገዙ ለመጡ አንዲት ደንበኛዬ፣ ዓይናቸው ደክሟልና ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ደንበኛዬ እናትዎ ዶኛ ኤውስታኪያ ናቸው። አድምጠው ሲጨርሱ ክሩን ከእጃቸው አስቀመጡና «የሊምበርትን በእጄ አጥቤ የቀበርሁት እኔ ነኝ፤ ምድጃዬ ሥር ነው ያለው። ከላፓዝ ጎትቶ ያመጣልኝ እሱ ነው እንጂ ሹመቱ መሰለሽ?» አሉኝ። ሐሙስ ጠዋት መኪናው ሳይመጣ አዲሷን ማሰሮ ራሳቸው ይዘው ከበርዎ እንደሚቆሙ፣ ዶን ካስቶም ቋጠሯቸውን ሊፈትሽ ቢያስብ ክርስትና እናቱ መሆናቸውን እንዲያስታውስ ነግረውኛል። ለእርስዎ የላኩትንም መልእክት ቃል ሳልጨምር ቃል ሳልቀንስ አደርሳለሁ፦ «የልጅቷን አልሰጥም ካለ፣ የእሱንም ቆፍሬ አወጣና በዚያው መኪና እልክለታለሁ በይው።»